የጆንያው ጭራቅ አጋሮን ያስፈራበት ቀን

ጅማ ውስጥ የጭራቅ ፊልም በማየት የሚበልጠኝ ሰው የለም። ይሄን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለጉራ ነው። ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው የተውኩት፤ ወይ እሱ ነው የተወኝ፤ እስካሁን አልተነጋገርንበትም። ግን ስለ ርካሽ የጭራቅ ፊልም ፈተና ቢኖር ኖሮ ዛሬ ዶክተር ነበርኩ፤ እናንተም ወረፋ ይዛችሁ ነበር የምታገኙኝ።

ርካሽ ያልኩት አውቄ ነው። ብዙ ብር የፈሰሰበት የሚያስፈራ ፊልም አይመቸኝም። እዛ ላይ ጭራቁ የእውነት ይመስላል፤ ትፈራለህ፤ ያልቃል፤ ትረሳዋለህ። የድሃ ፊልም ሌላ ነው። ጭራቁ ከጫካ ሲወጣ ጀርባው ላይ ዚፑ ይታያል። ደሙ ስልስ ነው፤ ሽንኩርቱ ራሱ በደንብ አልደቀቀም። ሞተ የተባለው ሰውዬ ዝንብ ሲያርፍበት አፍንጫውን ያነቃንቃል። አንድ ጊዜ ሰው የሚበላ ጃንጥላ ያለበት ፊልም አይቻለሁ። ጃንጥላው ሴትዮዋን ሊበላ ሲወርድ የታሰረበት ገመድ ይታያል፤ ገመዱን የያዘው ሰውዬ ክንድም ይታያል፤ ሰዓት አስሯል። ሴትዮዋ ግን ከልቧ ነው የምትጮኸው። እኔ እዛ ላይ ነው የምሸነፈው። ውሸት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ስራውን ያቋረጠ ግን የለም። መጀመሪያ ትስቃለህ። ስትስቅ ትከሻህ ይወርዳል። ልክ ትከሻህ ሲወርድ ጠብቀው “ዋ!” ይሉሃል። ዘለህ ትነሳለህ፤ ከዛ በመዝለልህ እንደገና ትስቃለህ። በአንድ ፊልም ሁለት ጊዜ ሞኝ ትሆናለህ፣ ያውም ደስ ብሎህ።

የምኖረው ጊንጆ ሰፈር ነው። ባጃጅ እነዳለሁ። ባጃጁ የሰው ነው፤ አነዳዱ ግን የራሴ ነው። ዝናብ ሲጥልና ስራ ሲቀዘቅዝ ጓደኛዬ ብየዳ ቤት እገባለሁ። ጓደኛዬ በያጅ ነው፤ ቁመቱ በር ላይ ጎንበስ የሚያስብለው፣ ልቡ ግን የጫጩት የሆነ። ከብየዳ ቤቱ ጀርባ ክፍል የተከራየች የኮሌጅ ተማሪ አለች፤ ከደሴ ነው የመጣችው። ፊልም የምናየው በእሷ ስልክ ነው። ሦስታችን አንድ የብረት አግዳሚ ላይ እንደረደራለን፤ እሷ እንግሊዝኛውን ትተረጉማለች። ባትተረጉምም ይገባናል። ሁልጊዜ የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ “እዛ ቤት አትግቡ” ነው። እነሱ ደግሞ ይገባሉ።

አንድ ቀን እንደዚህ ተደርድረን ስንስቅ አጎቴ መጡ። የእናቴ ወንድም ናቸው፤ አጋሮ ነው የሚኖሩት። ከቤታቸው ጀርባ ቡና የሚያደርቁበት ቦታ አላቸው። ልጆቻቸው ሁሉ ወጥተው ሄደዋል፤ አንዱ አዲስ አበባ፣ ሁለቱ አረብ አገር። የቀረሁት እኔ ነኝ። የበር ማጠፊያ ሊያስበይዱ ነበር የገቡት።

“ምንድን ነው የሚያስቃችሁ?” አሉ።

“የሚያስፈራ ፊልም ነው አጎቴ” አልኩ።

“የሚያስፈራ ከሆነ ለምን ትስቃላችሁ? እስቲ አሳየኝ።” ስልኩን ከዓይናቸው አርቀው ያዙት። “ይሄ ጃንጥላ ነው።”

“አዎ፤ ሰው ይበላል።”

“ዝናብ ሲዘንብ ነው ወይስ ሁልጊዜ?”

በያጁ ሳቁን ለመደበቅ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ጣለ። አጎቴ ስልኩን ለተማሪዋ መለሱና ወደ እኔ ዞሩ። “ዘንድሮ ቡናው ሲነሳ ባጃጁን ለባለቤቱ መልሰህ አጋሮ ትገባለህ። ቡና ዘመድ ይፈልጋል። እኔ አርጅቻለሁ።”

አጋሮን ጠልቼ አይደለም። ግን ከአጎቴ ጋር ከገባሁ ቡና እያገላበጥኩ እዛው እንደምሸመግል አውቃለሁ። ጊንጆ ላይ ሰው ያውቀኛል፤ የኔ ባጃጅ ውስጥ ገብቶ ሳይስቅ የወረደ ሰው የለም። ስለዚህ አፌ ከኔ ቀድሞ ተናገረ።

“አልችልም አጎቴ። ፊልም ልሰራ ነው። የሚያስፈራ።”

ሁለቱ ጓደኞቼ እኩል ዞረው አዩኝ። እነሱም የሰሙት ያኔ ነው።

“አንተ?” አሉ አጎቴ። “አንተ የምታስፈራው ማንን ነው? ስትወለድ ራሱ አዋላጇ ስቃለች፤ ነበርኩ።”

“አስፈራለሁ።”

“እሺ። ሰርተህ አጋሮ አምጣው። የሰፈሩ ሰው ቁጭ ብሎ ያየዋል። ከመሀላቸው አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ከልቡ ከፈራ ሁለተኛ አጋሮ ና አልልህም። ወላሂ። ከሳቁብህ ግን ጨርቅህን ጠቅልለህ ትመጣለህ።”

ተጨባበጥን። አጎቴ ወላሂ ካሉ አለቀ፤ ሰማይ ቢወድቅ አይመልሱትም።

ጭራቁን በሁለት ሳምንት ጨረስነው። ሐሳቡ የኔ ነው፤ ይሄ ይመዝገብልኝ። ለብዙ ዘመን ቡና ሲሸከም የኖረ ጆንያ አንድ ቀን ነፍስ ይዘራና ሰው ይሸከማል። በያጁ ጆንያውን ይለብሳል። ዓይኑ የባጃጅ ፍሬቻ ነው፤ በባትሪ ብልጭ ድርግም ይላል። ችግሩ የቀኙ ቶሎ ተቃጠለና የግራው ብቻ ቀረ።

“ጭራቅ አይመስልም” አለች ተማሪዋ። “ወደ ግራ ሊታጠፍ የፈለገ ነው የሚመስለው።”

“ያኛው ይበልጥ ያስፈራል” አልኳት። “ቀኙ የማይሰራ ባጃጅ ነድተሽ ስለማታውቂ ነው።”

የምንቀርጸው አጋሮ፣ በአጎቴ የቡና አልጋ መሀል እንዲሆን ወሰንኩ። የቡና አልጋ ለማያውቅ፤ በእንጨት እግር የቆመ ረጅም የሽቦ ወንፊት ነው፤ ቡናው እላዩ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል። ረድፍ በረድፍ አልጋ፣ የተኛበት ሰው የለም። ለጭራቅ ከዚህ የተሻለ ቦታ ካለ ንገሩኝ። ዕድሌም ቀናኝ፤ አጎቴ ቅዳሜ ለጋብቻ ኒካ ሽማግሌ ሆነው ሌላ ቀበሌ ሊሄዱ ነበርና “መጥተህ ቡናውን ጠብቅልኝ፤ ዝናብ ካንዣበበ ላስቲክ አልብሰው” ብለው ደወሉ። እኔን አምነው።

ሚኒባስ ላይ ረዳቱ ጆንያውን ጣራ ላይ ሊጭን ሲያነሳ ፍሬቻው በራ።

“ምንድን ነው ይሄ?”

“ጭራቅ ነው” አልኩ።

“ጭራቅ ከሆነ ወንበር ይክፈል” አለና ጫነው።

አጋሮ ስንደርስ አጎቴ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው ሊወጡ ነበር። ሦስተኛውን አልጋ አሳዩኝ። “ይሄ ሳምንቱ ነው፤ ውስጡ እርጥብ ነው። አራተኛው ደርሷል፤ ሰኞ አነሳዋለሁ። እጅህን እንዳታስገባ።” ከዛ ከአራተኛው አንዲት ፍሬ አንስተው ጆሮዬ ስር ነቀነቁ። ኳ ኳ አለች። የደረቀ ቡና ሲነቀነቅ ውስጡ ይንኳኳል፤ እርጥቡ ዝም ይላል። ከውጭ ሲያዩት ሁለቱም ጥቁር ነው። የሚለየው ጆሮ ነው፤ በአጋሮ ደግሞ ከአጎቴ ጆሮ የሚበልጥ የለም፤ ነጋዴው ሁሉ ሲጠራጠር ለእሳቸው ነው አምጥቶ የሚያሰማው።

እሳቸው እንደወጡ ጀመርን። ስልኩን ከአንድ ምሰሶ ጋር በላስቲክ ጠፍረን አሰርነው። ሌሊት እንዲመስል ሰማያዊ ፌስታል ካሜራው ላይ ወጠርን፤ የተማሪዋ ስልክ የእውነቱ ሌሊት ላይ ዕውር ነው። የቀረው ደም ነበር። ተማሪዋ “ስልስ እናድርግ” አለች። ስልስማ ሁሉም አድርጎታል። እኔ ቀይ እሸት ቡና ጨምቄ ጭማቂውን አወጣሁ። ቀጠነብኝ። የጭራቅ ደም ደግሞ ከአገጩ ላይ መንጠልጠል አለበት፤ ጠብ ካለ ውሃ ነው። ስለዚህ ከአጎቴ ጓዳ ማር አምጥቼ ለወስኩበት። ቆንጆ ሆነ። በያጁን ከአፉ እስከ ደረቱ ቀባሁትና ከትልቁ ዋንዛ ስር አቆምኩት።

ዋንዛው ላይ አጎቴ አራት ቀፎ ሰቅለዋል።

ይሄን ስህተት የደሴ ሰው አይሰራውም። እዛ ማር ውድ ነው፤ ጭራቅ ላይ አይቀባም።

የመጀመሪያዋ ንብ ስትመጣ በያጁ ዝም አለ፤ ትወና ላይ ነው። አምስተኛዋ ላይ “ወንድሜ” አለኝ በቀስታ። “ቀጥል፣ አሪፍ ነው” አልኩት። ከዛ በኋላ አልቆጠርንም። ጆንያው እግሩ ስር ታስሯል፤ መሮጥ አይችልም፤ ግን ሮጠ። የግራ ፍሬቻው እያበራ በአልጋዎቹ መሀል እየዘለለ፣ የናቱን ስም እየጠራ። እኔ ለማዳን ብዬ ተከተልኩት፤ እሺ፣ እኔም እየሸሸሁ ነበር፣ አቅጣጫችን ነው አንድ የሆነው። ሦስተኛው አልጋ ጋ ሲደርስ ተደናቀፈና በደረቱ ወደቀበት። የአልጋው እግር ተሰበረ። ቡናው በሙሉ አራተኛው ላይ ተገለበጠ፤ ከፊሉ የአራተኛውን ቡና ይዞ መሬት የተነጠፈው ሸራ ላይ ወረደ።

ንቦቹ ሲበርዱ ተማሪዋ የተነደፍንበትን የምታሽበት ሽንኩርት ፍለጋ ወደ ቤት ገባች። እኛ ሁለታችን ቡናው ላይ ቆመን ተያየን። የበያጁ ከንፈር እንደ ዳቦ ተነፍቷል።

“ተቀላቅሏል እኮ” አለ።

“ዝም በል። ሁለቱም ጥቁር ነው” አልኩት።

በእጃችን እየዛቅን ለሁለቱ አልጋ አካፈልነው፤ ደለደልነው፤ የተሰበረውን እግር በሽቦ አሰርነው። የቡና አገር ልጅ ነኝ፤ የሰራሁትን አውቃለሁ። እርጥብ ከደረቅ ጋር ከገባ እርጥቡ ይሻግታል፤ ሽታው የደረቀውንም ይዞት ይሄዳል። ግን ብናገር ጨዋታው ያኔውኑ አለቀ፤ “ጠብቅ” ተብዬ ያልጠበቅኩ ሰው ፊልም ልሰራ ነው ቢል ማን ይሰማዋል?

ወደ ምሰሶው ስመለስ ስልኩ ቀይ ነጥቡን እያበራ ነበር። አላጠፋነውም።

“ንቡ ከመጣ ጀምሮ ያለውን በሙሉ ጣይው” አልኳት ተማሪዋን።

“ለምን?”

“ስሮጥ አያምርብኝም።”

ሳቀች፤ “እሺ” አለች።

አጎቴ ጀንበር ሳትጠልቅ ተመለሱ። እንደ ልማዳቸው ጀለቢያውን ሳይቀይሩ ወደ አልጋዎቹ ሄዱ። ከአራተኛው አንድ ፍሬ አነሱ፤ ጆሯቸው ስር ነቀነቁ። ሌላ አነሱ። ሦስተኛ። ከዛ በጥርሳቸው ነከሱ።

“ና እስቲ” አሉኝ። “ይሄ ይንኳኳል?”

ነቀነቅኩት። ዝም ያለ ነው፤ እንደ ድንጋይ።

“ይንኳኳል አጎቴ” አልኩ።

ፍሬዋን ወደ አልጋው መለሷት። “እንግዲህ ጆሮዬ ነው” አሉ። ወደ ጅማ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አንድም ቀልድ አልተናገርኩም። በያጁ ንቦቹ ከንፈሬን የነደፉኝ መስሎት “ያምሃል?” አለኝ። እኔን ግን ከንፈሬን አልነደፉኝም።

ሦስት ሳምንት አለፈ። በስልክ ስንገናኝ አጎቴ የአራተኛውን አልጋ ቡና ሰኞ እንዳላነሱት፣ እንደገና አስጥተው ለብቻ እንዳስቀመጡት ነገሩኝ። ሰው ቡና ይዞ ሲመጣላቸውም “ለሌላ ሰው አሰማ” እያሉ እንደሚመልሱ ከሰው ሰማሁ። ተማሪዋ ፊልሙን ጨርሳ ፍላሽ ላይ የሰጠችኝ የምናሳይበት ቀን ጠዋት ነው፤ ለማየት አልደረስኩም። ዳይሬክተር የራሱን ፊልም ከሰው ጋር ነው የሚያየው አልኩ። እንደዚህ የሚባል ነገር እንዳለ አላውቅም።

እሁድ ከሰዓት፣ ከአስር ሰላት በኋላ፣ አጋሮ፣ ኳስ ማሳያ ቤት። መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረድነው። ሰፈሩ ሞልቷል፤ የቡና ለቃሚዎች፣ ነጋዴዎች፣ ሽማግሌዎች። አጎቴ ፊት ወንበር ላይ ናቸው፤ ከዘራቸው ጉልበታቸው መሀል።

ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ሳቁ። ፌስታሉ ላይ የተጻፈው የሱቅ ጽሑፍ ሰማዩ ላይ በግልባጭ ይታያል። እኔ በሚያስፈራ ድምፅ “ከዚህ ቡና የነካ አይተርፍም” ስል ከኋላ አንዷ ለቃሚ “እሱ ራሱ ነክቶ አያውቅም” አለች። ጭራቁ ሲወጣ “ወደ ግራ ነው፣ አሳልፉት” ብሎ አንዱ መንገድ ከፈተለት። ቤቱ ተናወጠ። ደስ ይል ነበር፤ በሌላ ቀን ቢሆን። እኔ ግን አንድ የሚፈራ ፊት እየፈለግኩ ረድፉን በዓይኔ አስሳለሁ። ሕጻናቱ እንኳን ሆዳቸውን ይዘዋል። አጎቴ ዞረው አዩኝና በእጃቸው ጨርቅ ሲጠቀለል አሳዩኝ።

ከዛ የመጀመሪያዋ ንብ መጣች።

ወደ ተማሪዋ ዞርኩ። “ጣይው አላልኩሽም?”

“ይሄን ጥዬ ምን ላስቀር?” አለች። “ምርጡ እኮ እሱ ነው።”

እውነቷን ነው። በያጁ ሲሮጥ ሰው ከወንበር ወደቀ። የሻይ ብርጭቆ ተሰበረ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተደግፈው ያለቅሳሉ። በሳቅ የሁሉም ትከሻ ወርዷል። ልክ በዛች ሰዓት ጭራቁ ሦስተኛው አልጋ ላይ ወደቀ፤ ቡናውም አራተኛው ላይ ተገለበጠ።

ሳቁ መሀል ላይ ተቆረጠ። በቢላ እንደተቆረጠ። “ያ ረቢ” አለች አንዷ ለቃሚ፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ቴሌቪዥኑ ላይ እኔ ጎንበስ ብዬ፣ በሁለት እጄ፣ እርጥቡን ከደረቁ ጋር እየዛቅኩ ነው። አንድ ነጋዴ ፊቱን አዞረ፤ ማየት አልቻለም። አጎቴ ቀስ ብለው ተነሱ።

“ቡነ ኮ” አሉ። ቡናዬ ማለታቸው ነው። ሲደነግጡ ኦሮምኛው ነው የሚቀድማቸው።

ከዛ የኔ ድምፅ ቤቱን ሞላው፤ “ዝም በል። ሁለቱም ጥቁር ነው።”

ሰፈሩ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። አንድም የሚስቅ የለም። ከኋላ ተማሪዋ ብቻ ለብቻዋ እየሳቀች “ምን ሆኑ?” ትላለች። ስንት ፊልም አይቻለሁ፤ ጃንጥላ ሰው ሲበላ አይቻለሁ፤ የዛን ሰዓት ያህል ፈርቼ አላውቅም። የሰራሁት ደግሞ ራሴ ነኝ።

“መልሱት” አሉ አጎቴ። “ከመውደቁ በፊት መልሱት።”

ተመለሰ። እንደገና አዩት፤ ቆመው። ከዛ ወደ እኔ መጡ።

“ያን ቀን ከኒካው ስመለስ ያሰማሁህ ፍሬ፣ ተንኳኩቷል?”

“አልተንኳኳም አጎቴ። ዝም ያለ ነበር። ጆሮዎ ልክ ነው፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ።”

ወንበራቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ። ከዘራቸው ላይ ግንባራቸውን ደፉ፤ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያስለቀስኳቸው መሰለኝ። ቀና ሲሉ ግን እየሳቁ ነው፤ እንባቸው በጺማቸው እየወረደ።

“ሰማችሁ?” አሉ ዞረው ለነጋዴዎቹ። “ጆሮዬ ልክ ነው። አልሀምዱሊላህ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ዘይት እያሞቅኩ ጆሮዬ ውስጥ ስጨምር ነበር።”

ቤቱ እንደገና ፈነዳ። አጎቴ እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙትና “ቃል ቃል ነው” አሉኝ። “አንድ ሰው ከልቡ ከፈራ ብያለሁ። እኔ ፈርቻለሁ። ይሄ ሁሉ ሰው ፈርቷል። አሸንፈሃል፤ ሁለተኛ አጋሮ ና አልልህም።”

“ያ ቡና ያሳዝናል እንጂ” እንኳን አላሉም። ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ባጃጁን ለሳምንት ለበያጁ ሰጥቼው ራሴ ሄድኩ፤ ማንም ና ሳይለኝ። ለብቻ ያስቀመጡትን ቡና ሸራ ላይ ዘርግፌ፣ የሻገተውን ከደህናው እየለየሁ ከለቃሚዎቹ ጋር ተቀመጥኩ። መጀመሪያው ቀን አላናገሩኝም። ሁለተኛው ቀን አንዷ “ጭራቁ ደህና ነው?” አለች። ሦስተኛው ቀን ንቡን ከነድምፁ አስመስዬ እንድሰራላቸው ጠየቁኝ፤ ሰራሁ፤ ከፊልሙ የተሻለ ነበር። ሁለተኛ ፊልም ካለ እነሱም ይገባሉ አሉ፤ ግን ደሙ ስልስ ይሁን አሉ።

የመጨረሻው ቀን ከሰዓት አጎቴ መጥተው አጠገቤ ቁጭ አሉ። አንድ ፍሬ ሰጡኝ። “ጆሮ እንዲህ በጥድፊያ አይሰማም። ዓይንህን ጨፍን። ትከሻህን ልቀቀው።”

ጨፈንኩ። ትከሻዬን ለቀቅኩት። ፍሬዋን ጆሮዬ ስር ያዝኩና ነቀነቅኩ። ኳ፣ ኳ፣ በጣም በቀስታ። ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴ ነቅንቄ ሰማሁት ብዬ ልናገር አፌን ስከፍት፣

“ዋ!” አሉኝ አጎቴ በሌላኛው ጆሮዬ።

ዘለልኩ። ጭኔ ላይ የነበረው ሰፌድ ተገለበጠ፤ የቀኑ ለቀማዬ በሙሉ ተበተነ። ለቃሚዎቹ መሬት ላይ ተንከባለሉ። አጎቴ ከዘራቸውን ተደግፈው እየተነሱ ጀለቢያቸውን አራገፉ።

“አየህ” አሉኝ፣ “እኔ ጆንያም አላስፈለገኝ።”